«ኮላጅን ጨምሯል» ሲባል በምን እንደተለካም ይነገረን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዳችሁ በዓይን ዙሪያ ያለን የተሸበሸበ ቆዳ በሌዘር ስለማደስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ሕክምናው እንዴት እንደሚሰጥና ከሕክምናው በኋላ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልግ የቀረበው ማብራሪያ ለብዙ አንባቢ ጠቃሚ ነው። ሆኖም በጽሑፉ መካከል ሕክምናው በቆዳ ውስጥ የሚመረተውንና ለቆዳ ጥንካሬ የሚሰጠውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን በመቶኛ ይህን ያህል እንደሚያሳድግ የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ቁጥሩ ከየትኛው የሰውነት ክፍል በተወሰደ ናሙና፣ ሕክምናው ከተሰጠ ከስንት ጊዜ በኋላና በየትኛው ዘዴ ተለክቶ እንደተገኘ ግን አንድም ቃል አልተጻፈም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ክፍተት ነው። የምሠራው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከሕመምተኞች የሚወሰድ የቲሹ ናሙና በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆነ፣ በቆዳ ውስጥ ያለን ኮላጅን መለካት ምን ያህል አድካሚና ለስሕተት የተጋለጠ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ። «ኮላጅን» የሚለው ቃል በየማስታወቂያው እየተደጋገመ በመጣበት በዚህ ጊዜ፣ ሰው ገንዘቡንም ፊቱንም አምኖ ከመስጠቱ በፊት የሚነገረው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ የማወቅ መብት አለው ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ሌዘሩ በቆዳ ላይ የሚሠራውን ባጭሩ ላስታውስ። ቆዳን ለማደስ ለረጅም ጊዜ ሲያገለግሉ የቆዩት በተለይ ሁለት ዓይነት መሣሪያዎች ናቸው፤ አንደኛው የሞገድ ርዝመቱ 10,600 ናኖ ሜትር የሆነው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ሲሆን፣ ሁለተኛው 2,940 ናኖ ሜትር የሆነው የኤርቢየም ሌዘር ነው። የሁለቱንም ብርሃን የሚውጠው በቆዳ ውስጥ ያለው ውኃ ነው። ውኃው በቅጽበት ሲተን የላይኛው የቆዳ ንብርብር አብሮት ይነሣል፤ የተረፈው ሙቀት ደግሞ ከሥር ወዳለውና ደርሚስ ወደሚባለው ንብርብር ይዘልቃል። በደርሚስ ውስጥ ያለው ኮላጅን ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ሲል የተገመደ ቅርጹ ይፈታና ይኮማተራል፤ ቆዳውም ወዲያው የተወጠረ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ሰውነት ቦታውን እንደ ማንኛውም ቁስል ማዳን ይጀምራል፤ ፋይብሮብላስት የተባሉት ሕዋሳት በሳምንታትና በወራት ውስጥ አዲስ ኮላጅን ያመርታሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነው ፍራክሽናል የሚባለው አሠራር ቆዳውን በሙሉ ከመግፈፍ ይልቅ እጅግ ጥቃቅን ነጥቦችን ብቻ በሙቀት እየመታ በመካከላቸው ያልተነካ ቆዳ ስለሚተው ማገገሚያውን አሳጥሮታል፤ የነገሩ መሠረት ግን አልተለወጠም። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲይዝልኝ የምፈልገው፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚታየው መወጠር ከነባሩ ኮላጅን መኮማተርና ከእብጠት የሚመጣ እንጂ አዲስ የተመረተ ኮላጅን ምልክት አለመሆኑን ነው። ያበጠ ቆዳ መስመሩ ይጠፋል፤ እብጠቱ ሲወርድ መስመሩ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ሕክምናው በተሰጠ በሁለትና በሦስት ሳምንት የተነሣ ፎቶግራፍ የኮላጅን ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባውም።

«የኮላጅን ምርት» ስንል ራሱ ብዙ ደረጃ ያለው ሂደት ነው። ሕዋሱ መጀመሪያ ከዘረ መሉ ላይ መልእክተኛ አርኤንኤ የሚባለውን ትእዛዝ ይገለብጣል፤ በትእዛዙ መሠረት ፕሮኮላጅን የተባለውን ጥሬ ፕሮቲን ይሠራል፤ ይህም በቫይታሚን ሲ እርዳታ ተስተካክሎና በሦስት ተገምዶ ከሕዋሱ ይወጣል፤ ከውጭም ጫፍና ጫፉ ተቆርጦ ከሌሎች ጋር እየተጋጠመ ክር ይሆናል፤ ክሩም በጊዜ ብዛት እርስ በርሱ እየተያያዘ ይጠነክራል። ተመራማሪዎች ከእነዚህ ደረጃዎች የፈለጉትን ሊለኩ ይችላሉ፤ የሚያገኙት ቁጥር ግን እንደ ደረጃው ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ሥራ ነው። በፀሐይ የተጎዳ የክንድ ቆዳ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ታክሞ በየጊዜው ናሙና ሲወሰድ፣ በቁጥር ከሚለዩት የኮላጅን ዓይነቶች ለአንደኛው ዓይነት ፕሮኮላጅን የሚሆነው መልእክተኛ አርኤንኤ በ21ኛው ቀን ገደማ ከመነሻው ከ7 እጥፍ በላይ፣ የሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ከ8 እጥፍ በላይ ደርሶ ተገኝቷል፤ ጭማሪውም ቢያንስ እስከ ስድስት ወር ቆይቷል። ይህ ትልቅ ግኝት ነው። ነገር ግን ቁጥሩ የተለካው በትእዛዙ ላይ ነው፤ ቆዳው ውስጥ የተጠራቀመው ኮላጅን 7 እጥፍ ሆነ ማለት አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። በቆዳ ውስጥ ያለ ኮላጅን እጅግ ዕድሜ ጠገብ ስለሆነ ግማሹ እስኪተካ ድረስ 15 ዓመት ያህል እንደሚፈጅ ተገምቷል፤ የደርሚስ ደረቅ ክብደትም ሦስት አራተኛ ገደማው ይኸው ነባር ኮላጅን ነው። በዚህ ክምችት ላይ ለጥቂት ወራት የተፋጠነ ምርት የሚጨምረው መጠን ከእጥፎቹ ቁጥር ጋር ሊነጻጸር አይችልም። በዚያ ላይ በዚያው ጥናት ውስጥ ኮላጅንን የሚቆራርጡት ኢንዛይሞች በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅግ ከፍ ብለው ታይተዋል፤ ማለትም ቆዳው እየገነባ ብቻ ሳይሆን እያፈረሰም ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን ሁሉ በዝርዝር ጽፈዋል። እንዲህ ያለ ሥራ ወደ ማስታወቂያ ሲወርድ ግን ክንዱም፣ ቀኑም፣ ማፍረሱም ይቀርና «ኮላጅንን በእጥፍ ድርብ ይጨምራል» የሚለው ብቻ ይተርፋል፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

አሁን ወደ እኔ የሥራ ገበታ ልምጣና ናሙና ሲመረመር የሚሆነውን ላሳይ። ከቆዳ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ክብ ናሙና ትወሰድና ፎርማሊን ውስጥ ትገባለች፤ እዚያም ትንሽ ትኮማተራለች። ቀጥሎ ውኃዋ በአልኮል ተመጥጦ ፓራፊን በተባለ የቀለጠ ሰም ትሞላለች፤ ፓራፊኑ ሲደርቅም ከ4 እስከ 5 ማይክሮ ሜትር ውፍረት እየሆነች ትሸረከታለች፤ ሽርካቹ ለብ ባለ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ እንዲዘረጋ ከተደረገ በኋላ በመስታወት ይጠለፋል። በተለመደው ማቅለሚያ ሁሉም ነገር ሐምራዊና ሮዝ ሆኖ ስለሚታይ፣ ኮላጅንን ለይቶ ለማየት ማሶን ትራይክሮም በተባለው ማቅለሚያ ይነከራል፤ ያን ጊዜ ኮላጅኑ ሰማያዊ፣ ጡንቻው ቀይ ሆኖ ይወጣል። እስከዚህ ድረስ የሚያምር ሥራ ነው። አደጋው ያለው ናሙናዋ ፓራፊኑ ውስጥ ስትተከል ነው፤ ቀጥ ብላ መቆም ሲገባት በጥቂቱ እንኳ ካዘመመች ምላጩ ቆዳውን ከላይ ወደ ታች ቀጥ አድርጎ ሳይሆን በሰያፍ ይቆርጠዋል፤ በሰያፍ የተቆረጠ ደርሚስ ደግሞ ከእውነተኛው ውፍረቱ በልጦ ይታያል። ከሕክምና በፊት የተወሰደችው ናሙና ቀጥ ብላ፣ ከሕክምና በኋላ የተወሰደችው ደግሞ አዝማ ብትቆረጥ፣ አንድም አዲስ የኮላጅን ክር ሳይመረት በወረቀት ላይ «ጭማሪ» ይመዘገባል። የማቅለሚያውም ጥንካሬ ከቀን ቀን ስለሚለያይ፣ ሁለቱ ናሙናዎች በአንድ ቀንና በአንድ ዕቃ ካልቀለሙ የሰማያዊውን ድምቀት በኮምፒውተር ማነጻጸር ትርጉም የለውም። የሚያነበውም ባለሙያ የትኛው የፊተኛው፣ የትኛው የኋለኛው እንደሆነ ሳያውቅ ማንበብ አለበት፤ ይህ ካልተደረገ ዓይን የሚጠብቀውን ማየቱ አይቀርም።

ከማይክሮስኮፕ ውጭ ጠንካራው መንገድ ኬሚካዊው ነው። ሃይድሮክሲፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ በሰውነት ውስጥ በአብዛኛው የሚገኘው በኮላጅን ውስጥ ሲሆን፣ ከኮላጅን ክብደት ወደ 13 በመቶ የሚጠጋውን ይይዛል፤ ስለዚህ ናሙናው በአሲድ ተፈጭቶ ሃይድሮክሲፕሮሊኑ ሲለካ የኮላጅኑን መጠን ማስላት ይቻላል። ይህ ዘዴ አሮጌውን ከአዲሱ አይለይም፤ ናሙናውንም ፈጽሞ ያጠፋዋል፤ ነገር ግን «መጠኑ ጨመረ ወይስ አልጨመረም» ለሚለው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል።

ይህ ሁሉ እንግዲህ ናሙና ከተገኘ ነው። የዓይን ዙሪያ ጉዳይ ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው። የዓይን ቆብ ቆዳ በሰውነታችን ላይ ካለው ሁሉ የሳሳ፣ ውፍረቱም ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ ከሥሩ ስብ የለውም ለማለት ያስደፍራል፤ ወዲያው የሚገኘው ዓይንን የሚከድነው ጡንቻ ነው። ከዚህ ቦታ ለምርምር ሲባል ቆዳ መብሳት ጠባሳ ሊያስቀር፣ ቆቡንም ሊጎትት ስለሚችል፣ ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እንዲፈቅድ መጠየቅ ከባድ ነው። ስለዚህ ብዙ ጥናቶች ናሙናቸውን ከክንድ ወይም ከጆሮ ኋላ ይወስዱና ውጤቱ ለዓይን ዙሪያም ይሠራል ብለው ያስባሉ። የክንድ ቆዳ ግን ወፍራም ነው፤ የፀሐይ ተጋላጭነቱም፣ የደም ዝውውሩም፣ የሚድንበት ፍጥነትም ከዓይን ቆብ ይለያል። በክንድ የተገኘን ቁጥር ለዓይን ቆብ መስጠት ግምት እንጂ ልኬት አይደለም፤ ግምት መሆኑ እስከተነገረ ድረስ ደግሞ ምንም ነውር የለበትም። ሌላ የተሻለ መንገድም አለ፤ የተንጠለጠለ የዓይን ቆብ ቆዳቸውን በቀዶ ሕክምና ሊያስወግዱ የተዘጋጁ ሰዎች ከፈቀዱ፣ ሊቆረጥ ከታሰበው ቆዳ ከፊሉን አስቀድሞ በሌዘር ማከም፣ ከፊሉን መተውና በቀዶ ሕክምናው ቀን የተወገደውን ቆዳ ወደ ላቦራቶሪ መላክ ይቻላል። የሚወገድ ቆዳ ስለሆነ ተጨማሪ ቁስል አይኖርም፤ የታከመውና ያልታከመው ከአንድ ሰው፣ ከአንድ ቦታና ከአንድ ቀን ስለሚገኝም ንጽጽሩ የታመነ ይሆናል። በሕክምና ኮሌጅ ውስጥ የሚሠሩ የአገራችን የዓይንና የቆዳ ሐኪሞች ይህን ቢያስቡበት እጅግ ደስ ይለኛል።

ቆዳን ሳይበሱ የሚለኩ መሣሪያዎችም አሉ። 20 ሜጋ ኸርዝና ከዚያ በላይ የሆነ አልትራሳውንድ የደርሚስን ውፍረትና ጥግግት ያሳያል፤ በየሆስፒታሉ ለሆድና ለእርግዝና የምናውቀው አልትራሳውንድ ግን የድምፅ ሞገዱ ድግግሞሽ ዝቅተኛ ስለሆነ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰን ቆዳ ለይቶ ሊያነብ አይችልም። ቆዳን በቀስታ ስቦ የሚለቅና የመመለሻ ጉልበቱን የሚለካ መሣሪያም አለ፤ የመስመሮቹን ጥልቀት በሲሊኮን ቀርጾ የማንበብ ዘዴም የቆየ ነው። እነዚህ ሁሉ የሚለኩት ውፍረትን፣ ልስላሴንና የመለጠጥ ጉልበትን ነው፤ ለታካሚው ምናልባት ከኮላጅኑ ይልቅ የሚጠቅመው ይኸው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም በእነዚህ የተገኘ ውጤት «ቆዳው ወፍሯል» ወይም «መስመሩ ቀንሷል» ተብሎ ይነገር እንጂ «ኮላጅኑ ጨምሯል» አይባል። በዓይን ዳር የሚታዩት መስመሮች ስንስቅና ዓይናችንን ስናጨፈግግ ከሚኮማተረው ጡንቻም ይመጣሉና፣ ፊትን ዘና አድርጎ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ መጥፋታቸው ብቻውን ስለ ደርሚሱ ምንም አይናገርም።

ከሁሉ በላይ ሊሰመርበት የሚገባ የሚመስለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ማስታወቂያዎቹ ሁሉ ብዙ ኮላጅን ማለት ጥሩ ቆዳ ማለት እንደሆነ አድርገው ያወራሉ። ጠባሳም በኮላጅን የተሞላ ነው። ኬሎይድ ተብሎ የሚታወቀውና በጠቆረ ቆዳ ላይ አዘውትሮ የሚታየው ያበጠ ጠባሳ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከጤነኛ ቆዳ እጅግ የበዛ፣ ወፍራምና የተጋደመ የኮላጅን እሽግ ነው። በጤነኛ ደርሚስ ውስጥ ክሮቹ ወዲህና ወዲያ እየተሳሰሩ እንደ ሸማ ድርና ማግ ይጠላለፋሉ፤ በጠባሳ ውስጥ ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተጭነው ይተኛሉ። ሃይድሮክሲፕሮሊን ይህን ልዩነት አያይም፤ የመልእክተኛ አርኤንኤ ቁጥርም አያይም። ስለዚህ መጠኑን ብቻ የሚናገር ቁጥር፣ ጥሩ ፈውስንና መጥፎ ጠባሳን በአንድ ዓይን ያያል። በታችኛው የዓይን ቆብ ላይ ደግሞ ይህ ልዩነት የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቆቡ በጠባሳ ተጎትቶ ወደ ውጭ ከተገለበጠ ዓይኑ በሚገባ አይከደንም፣ እንባው ይፈስሳል፣ የዓይኑ ብሌን ይደርቃል። ፒክሮሲሪየስ ሬድ የተባለው ማቅለሚያ በልዩ ብርሃን ሲታይ የክሮቹን ውፍረትና አሰላለፍ ስለሚያሳይ፣ የኮላጅን መጨመርን የሚናገር ጥናት የአሰላለፉንም ነገር አብሮ ቢናገር ጥያቄያችን በግማሽ ይመለሳል።

ይህን ሁሉ ያልኩት ለባሕር ዳር ሰው የተለየ ትርጉም ስላለው ነው። በቆዳ ላይ የሌዘር ውጤትን የለኩት አብዛኞቹ ጥናቶች የተደረጉት በነጣ ቆዳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በተጀመረውና ቆዳን በስድስት መደብ በሚከፍለው የፊትዝፓትሪክ መለኪያ አብዛኞቻችን ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው መደብ ውስጥ እንገኛለን። በእነዚህ መደቦች ውስጥ ከሌዘር ቁስል በኋላ ቆዳው የመጥቆር ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ ይህም ሊለቅ ወራት ይፈጅበታል። በክሊኒክ ደጃፍ ከማያቸው እህቶቻችን ብዙዎቹ የሚያስጨንቃቸው ሽብሽቡ ሳይሆን ማድያቱ ነው፤ ቆዳን የሚገፍፍ ሌዘር ደግሞ ማድያትን ሊያባብሰው ይችላል። ኮላጅን ጨምሮ ቆዳው ቢጠቁር ታካሚዋ አተረፈች ልንል ነው? የትኛውም መቶኛ ለዚህ መልስ የለውም።

ፀሐያችንም አለች። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ለምድር ወገብም ቀርባ የምትገኝ ናት፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ደመና በሌለበት ቀትር የጨረሩ መጠን በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ 11ን አልፎ እጅግ ከፍተኛ ከሚባለው ደረጃ መድረሱ ለእኛ የተለመደ ነው። ይኸው ጨረር ኮላጅንን የሚቆራርጡትን ኢንዛይሞች ያነሣሣል፤ ማለትም ሌዘሩ ያስገነባውን ፀሐዩ ማፍረሱን ይቀጥላል። ቀኑን በታንኳ ላይ ዓይኑን አጨፍግጎ የሚውል የጣና ዓሣ አጥማጅ፣ ወይም በሐይቁ ዳር ጥላ በሌለበት ቁጭ ብላ የምትነግድ እናት፣ ሌላ አገር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ካገገመ ሰው ጋር አንድ ዓይነት ውጤት ይኖራታል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ከስድስት ወር በኋላ በእኛ ቆዳ ላይ ምን እንደሚቀር ማወቅ የሚቻለው እዚሁ ሲለካ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአማራ ክልል ትራኮማ በብዛት ከሚገኝባቸው የአገራችን አካባቢዎች አንዱ ነው፤ በዚሁ በሽታ ምክንያት የዓይን ፀጉራቸው ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ቆባቸው በቀዶ ሕክምና የተስተካከለላቸው ወገኖቻችንም ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለ ቆብ ከውስጥ በኩል አስቀድሞ ጠባሳ አለበትና፣ ከውጭ በሙቀት ማኮማተር የሚያመጣው ውጤት ከጤነኛ ቆብ ጋር አንድ ነው ተብሎ ሊታሰብ አይገባም። ዓይኔን ታክሜ ነበር የሚል ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር፣ ሐኪሙም ሳይጠይቅ ሌዘር ሊጀመር አይገባም። ብርሃኑ ወደ ዓይን እንዳይገባም ከብረት የተሠራ መከለያ በዓይኑ ላይ ተደርጎ መሠራት እንዳለበት ጽሑፋችሁ ቢጠቅስ መልካም ነበር።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የጤና ዘጋቢዎቻችሁ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነገራቸው የተለካው ትእዛዙ ነው፣ ፕሮቲኑ ነው፣ ወይስ የቆዳው ውፍረት ብለው ይጠይቁ፤ ናሙናው ከዓይን ቆብ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ፣ ከሕክምናው በኋላ በስንተኛው ወር ነው፣ ያልታከመ ወገን ለንጽጽር ነበረ ወይ፣ የተሳታፊዎቹ ቆዳ ከእኛ ጋር ይመሳሰላል ወይ ብለውም ይጨምሩበት። መልስ ካላገኙ ቁጥሩን ትተው ሐኪሙ በዓይኑ ያየውን ለውጥ ብቻ ቢጽፉ ለአንባቢ የተሻለ አገልግሎት ነው። በተጠቀሰው ጽሑፍ ውስጥ የሰፈረው መቶኛም ከየትኛው ጥናት እንደተወሰደ በሚቀጥለው እትማችሁ እንድትገልጹልን እጠይቃለሁ፤ ልኬቱ የተደረገው በክንድ ቆዳ ላይ ከሆነም እንደዚያው ይጻፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
በቲሹ ምርመራ ሙያ የተሰማራ አንባቢያችሁ
ባሕር ዳር